የቆቃ ዓሣና ሰማያዊው ክር

ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን እኔና ዝምታ ድሮም አንስማማም። ሰው ሲሳሳት እየሰማሁ ካላረምኩ አይሆንልኝም፤ ደሜም ቶሎ ይፈላል። አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን አንድ ቀን እንኳ አሳርፊው» እያለችኝ ነው ያደግኩት። እሷ የራሷን ታሳርፍ ይመስል።

ለቅሶው የጎረቤታችን ነበር፤ ባደግኩባት በቆቃ፣ የሁዳዴ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው። እኔ አዳማ ነው የምሠራው፤ ለሠልስቱ በጠዋት በሚኒባስ በሞጆ ዞሬ ደረስኩ። የእድሩ ድንኳን እንደ ልማዱ ግማሽ መንገዱን ይዞ ተተክሏል። ወንዶቹ በአንድ ወገን ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሠልስት ላይ ሀዘኑ ትንሽ ቀለል ስለሚል ሰው ወሬ ይፈልጋል። አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ካርታቸውን እየበወዙ ስለ መጪው ጾም አነሱና፣ «ዓሣ ከተበላ አይቀር የቆቃ ነው፤ ውሃው ንጹህ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ነበር ዝም ማለት የነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ንጹህስ አይደለም» አልኩ። «ሆዱን ከፍቼ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ፕላስቲክ አለበት። ክር በክር ነው።»

ካርታው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደኔ ሲዞር የተማረ ሰው ወግ ደረሰኝና ቀጠልኩ። ፌስታሉም፣ ጀሪካኑም፣ ልብሱም እየተበጣጠሰ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ ሐይቅ እንደሚገባ፣ ዓሣውም ከምግቡ ጋር እንደሚውጠው እጄን እያወራጨሁ አስረዳሁ። ቀና ስል አክስቴን አየኋት። የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ በወንዶቹና በሴቶቹ መሃል ቆማ ነበር። ሰፌዱን አጠገቧ ለነበረችው ሴት አቀበለችና ወጣች።

አክስቴ ዓሣ ሻጭ ነች። እናቴ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያኔ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ባሏ በሕይወት እያለ ሐይቁ ላይ ያጠምድ ነበር፤ መረቡን ራሱ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ውስጥ በሚመዘዝ ናይለን ክር ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ክር አቀብለው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ከሌሎች አጥማጆች እየተረከበች ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆማ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በገመድ ሰክታ ለመኪና ታሳያለች። ላንጋኖ ያለ አንድ ሆቴልም ከሷ ይወስድ ነበር። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተወዋለሁ፤ ቆቃ ላይ ግን የዓመቱ ገበያ እነዚያ ሃምሳ አምስት ቀናት ናቸው። እሷ በእነዚያ ቀናት የሸጠችው ነው ክረምቱን የሚያሻግራት። የእኔም ደብተር፣ የእኔም የደንብ ልብስ፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲ ቀለቤ ከዚያው ነው የወጣው።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው ጾሙ ሊገባ ሲል፣ ሙሉ እድር በተቀመጠበት፣ የተናገርኩት። ነገሩ እውነት መስሎኝ ነበር። እውነት ከሆነ ደግሞ መናገር ግዴታዬ ነው ብዬ ነበር።

ያየሁትን እንዴት እንዳየሁት ልንገራችሁ። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የዓሣውን ሆድ ዕቃ አውጥቼ ፖታሽ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ እነክረዋለሁ። ፖታሹ ሥጋውን ያሟሟዋል፣ አብዛኛውን ፕላስቲክ ግን አይነካም። ሁለት ቀን ሙቅ ቦታ ካደረ በኋላ የተረፈውን በስስ ማጣሪያ አጠልለዋለሁ፤ ማጣሪያውን የመስታወት ሳህን ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ እፈልጋለሁ። ሐይቁ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እዚያች ሳንቲም የምታህል ክብ ላይ ያርፋል፤ አሸዋው፣ የሣር ስባሪው፣ የትንኝ ክንፉ። በመሃሉ ክር ይታያል። ክሩ ጥጥ ይሁን ፕላስቲክ፣ ከሆነስ የትኛው ፕላስቲክ፣ ዓይን አይለይም። ዓይን የሚያውቀው ቀለሙን ብቻ ነው።

ኢንፍራሬድ ማይክሮስኮፑ የመጣው ለዚህ ነበር። ኢንፍራሬድ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ታህተ ቀይ የሚሉት፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። ማሽኑ ያን ብርሃን በአንዲት ክር ላይ ያሳርፋል። ክሯ ከብርሃኑ የሚስማማትን ትውጣለች፣ የቀረውን ትለቃለች። የሚዋጠው ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ ስክሪኑ ላይ ወጣ ገባ የሚል መስመር ይወጣል፤ መስመሩን ያወቀ ሰው ይሄ ፌስታል ነው፣ ይሄ ናይለን ነው፣ ይሄ ጥጥ ነው ብሎ ይለያል። ማሽኑ አያደላም፣ አይቆጣም፣ ለቅሶ ቤትም አይሄድም።

ችግሩ፣ ውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ በጣም ካልቀዘቀዘ አይሠራም። የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እሱን ደግሞ እኛ የምናገኘው የኮርማ ዘር ከሚያቆዩበት የከብት ማዳቀያ ጣቢያ ነው፤ ከላሞቹ ሲተርፍ ይደርሰናል። ላሞቹ ወረፋ አይለቁም። ስለዚህ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፋፍኖ ወራት ተቀመጠ። ክፍሉ ግን ለሱ ሲባል ጠዋትም ማታም በኤሲ ይቀዘቅዛል። ውጭ አዳማ በፀሐይና በአቧራ ነፋሷ ሰው ታቃጥላለች፤ እኔ ውስጥ ሆኜ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ይሄን በስልክ ባማርር አክስቴ ከሳልባጅ ተራ ወፍራም ሹራብ መርጣ በሚኒባስ ሹፌር ላከችልኝ። እጅጌው እስከ ጣቴ ይደርሳል። ጋውኔ ላይ ደርቤው እውል ጀመር፤ አሳዳጊዬ አጠገቤ ያለች ያህል ይሞቀኝ ነበር።

እና ናይትሮጅኑን ሳልጠብቅ በዓይኔ ቆጠርኩ። ሰማያዊ ክር ነው ያየሁት። ያልነበረበት ሳህን የለም። በጋለ መርፌ ስነካው ይኮማተራል፤ ጥጥ ቢሆን እንዲያ አይሆንም። ስለዚህ ፕላስቲክ መሆኑን አውቄ ነበር። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያወራሁት የማላውቀውን ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ጾሙ በገባ በሳምንቱ ወሬው ከእኔ ቀድሞ አዳማ ደርሶ ነበር፤ ሻይ የምጠጣበት ቤት አስተናጋጇ «የቆቃ ዓሣ ላስቲክ ነው አሉ» ብላ ለኔው ነገረችኝ። ሹራቡን ያመጣልኝ የሚኒባስ ሹፌር ደግሞ አንድ ቀን ጠራኝና ቆቃ ላይ የሚሆነውን አጫወተኝ። መኪኖቹ አክስቴ ጋ ሲደርሱ ዝግ ይላሉ፤ ሹፌሮቹ መስኮት ዝቅ አድርገው «እማማ፣ ፌስታል እንዳትጨምሪበት፣ ውስጡ አለ» ብለው ስቀው ያልፋሉ። የላንጋኖው ሆቴልም ነገሩ እስኪጣራ ብሎ መውሰድ አቁሟል። ያልተሸጠውን ዓሣ ማታ ማታ ለጎረቤት ታድላለች።

እኔ ልደውል እያልኩ አልደወልኩም። ምን እንደምላት አላውቅም ነበርና።

እሷ መጣች። አንድ ረፋድ ላይ ዘበኛው ደውሎ «አንድ እናት ዓሣ ይዘው መጥተዋል፤ ካላየኋት አልሄድም ብለዋል» አለኝ። ስወጣ አክስቴ በነጭ ማዳበሪያ ከረጢት ዓሣዋን ይዛ የግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«ይኸው» አለች። «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው። ፕላስቲኩን አሳዪኝ።»

የዛሬው ሁለት ቀን ፖታሽ ውስጥ ካላደረ እንደማይታይ ነግሬ፣ አስገብቼ ከቀደሙት ሳህኖች አንዱን በተራው ማይክሮስኮፕ አሳየኋት። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና አየች። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መነጽር የምትፈልግ ሴት ነች፤ ክሯን ግን ወዲያው አገኘቻት።

«ይቺ ሰማያዊዋ?»

«እሷ ነች።»

«ሰው ትገድላለች?»

«አይታወቅም፤ ገና እየተጠና ነው።»

«ካልታወቀ ለምን ተናገርሽ?»

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ክፉ አመሌ ነው። እሷ ግን ለጠብ አልነበረም የመጣችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልመና በማትወደው አፏ ለመነችኝ።

«ወረቀት ጻፊልኝ። የቆቃ ዓሣ ንጹህ ነው የሚል፣ ማህተም ያለበት። ሆቴሉ እሱን ካየ ይመለሳል፤ ለሹፌሮቹም አሳያቸዋለሁ። ጾሙ ገና ግማሹ አለ።»

«አልችልም።»

«ማህተም የላችሁም?»

«ማህተሙማ አለ። ነገሩ ነው እውነት ያልሆነው። እኔ ለመዋሸት አይደለም የተማርኩት፣ አክስቴ።»

ተነሳች።

«የተማርሽውስ በምን ሆነና» አለች። ከረጢቱን ከነዓሣው እዚያው ትታልኝ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር እስኪመሽ ድረስ ራሴን እንደ ጻድቅ ነበር የቆጠርኩት። ማታ ግን ያ ቃሏ አላስተኛኝም። ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ ዓሣ ዓሣ ትሸቺያለሽ ሲሉኝ አልቅሼ ስመጣ «ነገ ዶክተር ስትሆኚ ሽቶ ትቀቢያለሽ» ያለችኝ ትዝ አለኝ። ክፉኛ አዘንኩ። በማግስቱ ሆድ ዕቃውን አውጥቼ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩ፣ ሥጋውን ለዘበኛው ሰጠሁት። ከረጢቱን ግን አልጣልኩትም።

ከአምስት ቀን በኋላ ናይትሮጅኑ መጣ። ላሞቹ አዘኑልኝ መሰለኝ። ከመያዣው ነጭ ጭስ እየወጣ ማሽኑ ውስጥ ቀዳሁት። የምጠብቀው ሁለት ነገር ነበር፦ ወይ ናይለን፣ የዓሣ መረብ ክር፤ ወይ የፌስታል ፕላስቲክ። የመጀመሪያዋን ሰማያዊ ክር መሃል አድርጌ ብርሃኑን ለቀቅኩባት። መስመሩ ወጣ። ናይለን አይደለም። ፌስታልም አይደለም። በመስመሩ መሃል፣ ሌላ ነገር በሌለበት ሜዳ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ሹል ጫፍ ብቻዋን ቆማለች። እሷን ጫፍ ተማሪ ሳለሁ ነው የማውቃት፤ አክሪሊክ ነው። ሱፍ መስሎ የሚሸጥ ሹራብና ብርድ ልብስ የሚሠራበት ፕላስቲክ።

ሁለተኛዋን አየሁ፤ አክሪሊክ። ሦስተኛዋ፣ አክሪሊክ። ሌላ ሳህን ቀየርኩ፤ አሁንም ያው። እንግዲህ ማነው ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ይሄን ሁሉ ሹራብ የሚያጥበው ብዬ ተናደድኩ። ባቱ ነው? ሞጆ ነው? ከላይ የሚመጣው ወንዝ ነው? ተጠያቂውን ከተማ በከተማ ስፈልግ ቆየሁና ውጤቱን ደብተር ላይ ልጽፍ እጄን ዘረጋሁ። እጅጌዬ እስክሪብቶው ላይ አረፈ።

ሰማያዊ ነው። ያ አክስቴ የላከችልኝ፣ ያቺ ራሷ ሰማያዊ። ጫፉ ከመልበስ ብዛት ተተርትሮ ጸጉር አውጥቷል።

ክው አልኩ። ብዙ ጊዜ እጅጌዬን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ በወረንጦ አንድ ክር ነቀልኩና ከማሽኑ ስር አደረግኳት። መስመሩ ከዓሣው ክር መስመር ጋር አንድ ሆኖ ወጣ፤ አንዱን በአንዱ ላይ ባስቀምጠው ልዩነት የለውም። ቀለሙም፣ ውፍረቱም ያው ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ለኔ ነበር።

በእኛ ሙያ ልማድ አለ። ሥራ ስትጀምር አጠገብህ አንድ ባዶ ሳህን፣ ንጹህ ማጣሪያ ያለበት፣ ክፍት አድርገህ ታስቀምጣለህ። እሱ ላይ ዓሣ አይደርስም። መጨረሻ ላይ እሱን ስታይ ከክፍሉ አየርና ከራስህ ገላ ምን እንደረገፈ ይመሰክርብሃል። የማውቀው ነገር ነው፤ ለተማሪዎችም አስተምሬዋለሁ። ግን ማጣሪያ ቆጥቤ፣ ችኩል ሆኜ፣ ያኔ አላስቀመጥኩም። አሁን አስቀመጥኩ። ሹራቡን እንደለበስኩ እንደ ወትሮዬ ግማሽ ቀን ሠራሁና ባዶውን ሳህን አየሁት። ሰማያዊ ክር ተነስንሶበታል።

ሹራቡን አውልቄ በር ውጭ ሰቀልኩት። የቀረውን በጥጥ ጋውን ብቻ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ሳህን በሳህን ደግሜ አየሁ። ብዙው ጥጥ ሆኖ ተገኘ፤ የኔው ጋውን መሆን አለበት። ነጭ ነጭ ጠፍጣፋ ክርም ነበር፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ፤ አክስቴ ትታው ከሄደችው ማዳበሪያ ከረጢት ክር መዝዤ ሳስተያየው አንድ ሆነ። ዓሣውን ይዛ የመጣችበት ከረጢት ነው። እነዚህን ሁሉ ስቀንስ ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው የፌስታል ቁራጭ ነው። ሁለተኛው ግልጽ ክር ነው፤ የዓሣ ሥጋ ርዝራዥና ናይለን መስመራቸው ስለሚቀራረብ ሁለቴ አጥቤ ሁለቴ አየሁት፤ ናይለን ነው። አጥማጆቹ ከጎማ እየመዘዙ መረብ ከሚሠሩበት ክር ጋር ገጠመ።

ሁለት። ዜሮ አይደለም፣ ግን ያ ድንኳን ውስጥ ያወራሁለት ጎርፍም አይደለም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘና «ባዶ ሳህን አላስቀመጥሽም?» አለ። አላስቀመጥኩም አልኩ። ደግ ሰው ነው፤ በማንም ይደርሳል፣ ድገሚው፣ ወረቀት ላይ እስካልወጣ ማንም አያውቅም አለኝ። እሱ ድንኳኑን አያውቅም። የእኔ ወረቀት ወጥቶ፣ ተነቦ፣ ከቆቃ እስከ አርሲ ነገሌ ደርሶ ነበር።

የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ እሁድ ነው። ሹራቡን በፌስታል ጠቅልዬ በጠዋት ሄድኩ። ሰብሳቢው የወሎ ሰው ናቸው፣ እህል ነጋዴ፣ ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። የእድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ድንኳኑም አንድ፣ ወሬውም አንድ። አጀንዳው አልቆ ልዩ ልዩ ጉዳይ ሲደርስ እጄን አወጣሁ። አክስቴ በሴቶቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ነበረች። ለሷ ቀድሜ አልነገርኳትም፤ ድፍረቱን አጣሁ።

«ባለፈው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የቆቃ ዓሣ ሆድ ሰማያዊ ፕላስቲክ ሞልቶታል ብዬ ነበር» አልኩ። «ክሩ ፕላስቲክ ነው። ከዓሣው ግን አይደለም።» ሹራቡን አውጥቼ አነሳሁት። «ከዚህ ነው። ስሠራ ለብሼው ነበር፤ እየረገፈ ሳህኔ ላይ ወደቀ፤ እኔም የራሴን ሹራብ ቆጥሬ ዓሣውን ከሰስኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እኒያ ጡረተኛ ሹፌር ከኋላ፣ «እና አንቺ ሹራብ ለብሰሽ ነው እኛን ዓሣ ያስጾምሽን?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሀጂም ሳቁ፣ እንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ። እኔ ቆሜ ጆሮዬ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ሀጂ፣ «በቃ ልጄ» አሉ። «እንግዲህ ዓሣው ንጹህ ነው በይና ቁጭ በይ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ እናስፍረው።»

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም በዓይኗ፤ ያቺን አንድ ቃል ብቻ። ያ ቃል ማህተም የሌለው ወረቀት ነበር፣ ሰው ሁሉ የሚያምነው። ልላት ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም፣ ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«ሀጂ፣ እሱንም ማለት አልችልም» አልኩ። «ከሹራቡና ከዓሣ መያዣው ማዳበሪያ ከረጢት ክር ሌላ ሁለት አግኝቻለሁ። አንድ የፌስታል ቁራጭ፣ አንድ የመረብ ክር። ሁለቱም ሆድ ዕቃው ውስጥ።»

«ሆድ ዕቃውንማ ድመት ነው የሚበላው። ሥጋውስ?»

«ሥጋውን ገና አላየሁም። ባየሁ ጊዜ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። እስከዚያ የአክስቴን ዓሣ እበላለሁ።»

ሀጂ ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ያኔም እንዲህ ብትናገሪ ኖሮ ጥሩ ነበር» አሉና ለጸሐፊው ጻፍ የሚል ምልክት ሰጡ። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው አሁንም ይስቃል። አክስቴ መሬት መሬት ታያለች።

ስብሰባው ሲያልቅ አብረን ወደ መንገዱ ሄድን። እኔ ስድቤን እየጠበቅኩ ነው። ሐይቁ አጠገብ ስንደርስ አንድ ታንኳ የሚጎትት አጥማጅ «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላም አላት፤ መለሰችለት፣ ለእኔ ግን ቃል የለም። መጨረሻ ላይ እኔው ጀመርኩ።

«ሆቴሉን እኔ ሄጄ ላናግረው።»

«ተይው። ከባቱ የሚያመጣለት አግኝቷል።»

ቃሉን እንዲሁ ጣለችው፣ ትከሻዋን እንኳ አላነሳችም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«ሹራቡን ማን እንደሰጠሽ አልተናገርሽም» አለች።

«አልጠየቁኝም።»

«ባይጠይቁሽስ? መቼ ተጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ዝም ማለትም ትችያለሽ ማለት ነው።»

ሚኒባሱ ሲመጣ ከእጄ ላይ ፌስታሉን ወሰደች። ልጣለው ነበር አልኳት። «ምን ሆኖ ይጣላል? እኔ ጋ ይሁን» አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ ለሥራ ወደ ላንጋኖ የሚሄድ መኪና ላይ ነበርኩ። ቀትር ላይ ነው ቆቃ የደረስነው፤ አስፋልቱ ይፋጃል፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ሹፌሩ ዝግ አለና «ያቺ ባለሹራቧ» ብሎ በአገጩ አመለከተ። ወሬው ደግሞ ተገልብጦ እሱም ጋ ደርሷል፤ የላብራቶሪዋን ልጅና የሹራቡን ነገር ለተሳፋሪው እየሳቀ አወራ። ያቺ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ እንዳለች አላወቀም። አልተናገርኩም።

አክስቴ በዚያ ሐሩር ሰማያዊውን ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቆሮሶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መንገዱ ዳር ቆማለች። ፊቷ በላብ ወርዝቷል። ከእኛ ፊት ሁለት መኪና ቆሟል፤ ሰዎቹ ሹራቡን በጣታቸው እየጠቆሙ ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች፣ እየሳቀች ትሸጣለች። የእኛም ሹፌር ዳር ያዘ። ሦስት ተሳፋሪዎች ወርደው ገዙ። ከረጢት አልነበራትም፤ ዓሣውን በቅርጫት ነው ያስቀመጠችው። እኔ ወርጄ ላቅፋት ተነስቼ ነበር፤ ግን ከወረድኩ ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች ሰው ሁሉ ሊያውቅ ነው፣ ሳቁም ወደኔ ሊዞር፣ ገበያዋም ሊቆም ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አየችኝ። ዓሣውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ ጎተተችና ወደሚቀጥለው መኪና ዞረች።